የዶን አናክሌቶ ውሻና የግሎሪማር ትንፋሽ

ከሴይባ ወደብ ወደ ቪዬኬስ ደሴት የሚሻገረው ጀልባ አንድ ቀን በሰዓቱ ቢነሣ የደሴቲቱ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አይኖራቸውም። በዚያ የሐምሌ ወር ሰኞ ግን የሚወራ ነገር አልተገኘም፤ ጀልባው እንደ ልማዱ ዘግይቷል። ከሰሐራ በረሃ ተነሥቶ ውቅያኖሱን የሚያቋርጠው አቧራ ከዋዜማው ጀምሮ ስለ ገባ ሰማዩ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ መስሏል፤ ሌላ ቀን ከማዶ ጎልተው የሚታዩት ኮረብታዎችም ጠፍተዋል።

ዶክተር ኔሬይዳ ፓንቶሃ በተሳፋሪዎች ማረፊያ ጥግ ተቀምጣ የሰዉን ሳል ታዳምጣለች። ልማድ ሆኖባት ነው። ደረቁን ከእርጥቡ፣ ከጉሮሮ የሚነሣውን ከደረት ከሚነሣው ሳታስበው ትለያለች። በዩኒቨርሲቲ ስለ ጽኑ አስም ስታስተምርና ስትመራመር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ከአስሙ ጋር ተዳብሎ የሚኖረውን ፍርሃትና ትካዜ ማጥናት ከጀመረች ደግሞ የዚያ እኩሌታ ያህል ይሆናል። ከእግሯ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ለደሴቲቱ ጤና ጣቢያ የምታደርሳቸውን የትንፋሽ መለኪያ ቱቦዎች ይዟል።

ከትኬት መስኮቱ በኩል ክርክር ተነሣ።

«ውሻ ያለ ሣጥን አይሳፈርም፣ ዶን» አለ ትኬት ቆራጩ።

«የቱ ውሻ?» አሉ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ።

«በሸሚዝዎ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው።»

«እሱ ልቤ ነው። አንተ ስትቆጣ ደንግጦ ነው።»

በዚህ ጊዜ ልባቸው ጮኸ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ፈታ ሲያደርጉ ከድመት ያነሰች ጭንቅላት፣ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎችና ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች ብቅ አሉ።

ኔሬይዳ ተነሥታ ቱቦዎቿን ወደ ቦርሳዋ ገለበጠችና ባዶውን ሣጥን አቀበለቻቸው። ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለ ነበረ ለውሻ የተሠራ እንጂ ለሌላ አይመስልም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አነሡ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ። አናክሌቶ ፌሊሲያኖ እባላለሁ። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ፤ አሁን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ተቺ ሆኛለሁ።»

ጀልባው ሲነሣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዶን አናክሌቶ ከከረጢታቸው አንድ ዘለላ ኬኔፓ አውጥተው ግማሹን ሰጧትና የፍሬዎቹን አረንጓዴ ቅርፊት በጥርሳቸው እየሰበሩ ውስጡን ይመጥጡ ጀመር። ዓይናቸው ግን ከቦርሳዋ አልተነቀለም።

«ያ ቱቦ ምን የሚባል ዕቃ ነው?»

«ትንፋሽ መለኪያ ነው። በረጅሙ ይስባሉ፣ በአንድ ጊዜ ይነፉታል። አየሩ በፈጠነ ቁጥር ይቺ ቀይ ምልክት ወደ ላይ ትሄዳለች። የሳንባው ቧንቧ ከጠበበ ግን ታች ትቀራለች።»

«ወዲህ ይበሉት! አርባ ዓመት የነዳጅ መስመር በአፌ የነፋሁ ሰው ነኝ።»

አዲስ የአፍ መያዣ ገጥማ ሰጠቻቸው። የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ነፉት። ምልክቷ ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው አልፋ ቆመች፤ ኔሬይዳም ሥራዋ ሆኖ ቦታዋን ልብ አለች።

«ውሻውስ የእርስዎ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የልጄ ነው፤ ገና አላየችውም። ካፒታን ብዬዋለሁ። አስሟን እንዲወስድላት ነው።»

ኔሬይዳ አልገረማትም። እንዲህ ያለ ትንሽ ውሻ ከበሽተኛ ጋር ቢያድር አስሙ ከሰውየው ወደ ውሻው ይዛወራል ሲባል በዚያ አገር ያልሰማ የለም።

«ውሻው ታሞ ይቀራል ማለት ነው?»

«ይሞታል ይላሉ» አሉ ዶን አናክሌቶ፣ በሣጥኑ ቀዳዳ ጣታቸውን እያስገቡ። «እኔ ግን አሳዘነኝ። ሻጩን ‹ጠንከር ያለውን ምረጥልኝ› ብዬዋለሁ።»

ቀጥለውም ሳይጠየቁ ስለ ልጃቸው አወሩ። ግሎሪማር ትባላለች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በሕፃናት ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነበረች። አስሙ ስለ ጸናባት ሥራዋን ከተወች ዓመት አልፏታል። ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰዎቹ ፖምፓ የሚሏትን በአፍ የምትነፋ መድኃኒት እንደ መቁጠሪያ ጨብጣ ትውላለች። ደረጃ መውረድ ትፈራለች፣ መሳቅ ትፈራለች፣ መተኛት ትፈራለች።

«ቤቱንስ ንጹሕ አድርጌ ነው የያዝኩላት» አሉ። «በየማለዳው ወለሉን በክሎር በረኪና ነው የማጥበው። አሁን ውሻ ሲገባ ደግሞ በቀን ሁለቴ አደርገዋለሁ።»

ኔሬይዳ አፏ ላይ የደረሰውን ቃል መለሰችው። ክሎሩን ለኋላ አቆየችው።

«ሐኪሞቹስ ምን አሏችሁ?»

ዶን አናክሌቶ የኬኔፓውን ፍሬ ወደ ባሕር ተፉት። «ይተዉኝ! በየረቡዑ የሚከፈት ክሊኒክ አለ አሉኝ። የሳንባ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ በሽተኛ ያያሉ ተባልኩ። ‹ልጄ አስም አላት እንጂ እብድ አይደለችም› ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። እሷም ሰምታኝ ‹አልሄድም› አለች። የማን ጅል እንዳሰበው እንጃ!»

«እኔ ነኝ ያሰብኩት» አለች ኔሬይዳ። «የሳንባ ሐኪም ነኝ። ያንን ክሊኒክ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አይዋት። የሰጧትን ኬኔፓ በዓይናቸው መልሰው የወሰዱባት ያህል ተሰማት።

«ቢቆጡኝ አልቀየምም» አለች። «ጀልባው እስኪደርስ መውረጃ የለኝም።»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «እኔም የለኝ። እንግዲያው ይስሙኝ፣ ዶክቶራ። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ታፍና ወደ አንድ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። የት እንደ ሆነ አልነግርዎትም፤ ጠብ አልፈልግም። አንድ ወጣት ሐኪም አየት አደረጋትና ‹ነርቭ ነው፣ ዕረፍት ታድርግ› አለ። ደረቷን እንኳ አላዳመጠም። በዚያው ቀን ከንፈሯ ጠቆረ፤ በአምቡላንስ ተመልሳ በማሽን ትንፋሽ ተረፈች። አሁን ደግሞ እናንተ ሳንባዋን ትታችሁ ጭንቅላቷን እንይ ትላላችሁ። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ልውደቅ?»

«ልክ ነዎት» አለች ኔሬይዳ። «ያ ከባድ ጥፋት ነው። ሊገድላት ይችል ነበር።»

ለክርክር የተዘጋጀ ሰው «ልክ ነዎት» ሲሉት ያለ መስሎት የሌለ ደረጃ እንደ ረገጠ ሰው ይንገዳገዳል። ዶን አናክሌቶም የያዙትን ቁጣ የሚያስቀምጡበት አጡ።

«ነገር ግን ስህተቱ የቱ ጋ እንደ ሆነ አብረን እንየው» ብላ ቀጠለች። «ያ ሐኪም ‹ወይ ሳንባ ነው፣ ወይ ነርቭ ነው› ብሎ አሰበ። ነርቭ መሰለውና ሳንባዋን ተወ። እርስዎም ‹ወይ ሳንባ ነው፣ ወይ ነርቭ ነው› ይላሉ። ሳንባ ነው ብለው ፍርሃቷን ተዉ። ሁለታችሁ የምትጣሉት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው።»

«ከዚያ ሰውዬ ጋር በአንድ ወንበር አያስቀምጡኝ!»

«እሺ፣ ጎን ለጎን ይሁን።»

«እኔ ሞተር ሲቆም መጀመሪያ የማየው ነዳጁን ነው» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ነዳጅ ለሌለው ሞተር ስለ ሽቦ አይሰበክም።»

«ሁለቱም የተበላሹበት ሞተር ገጥሞዎት አያውቅም?»

«ሞልቷል። የባሕር ጨው ሁለቱንም ይበላል።»

«ታዲያ ነዳጁን አስተካክለው፣ ‹ለሽቦው ሌላ ወደብ ሂድ› ብለው ይሸኙ ነበር?»

«ማን ይመለስልኛል ከዚያ በኋላ!» አሉና ወዲያው ነቁ። «ተንኮለኛ ነዎት፣ ዶክቶራ። ሰው ግን ሞተር አይደለም። ሞተር ስሙ አይጠፋም። ደሴታችን ትንሽ ናት፤ የአናክሌቶ ልጅ የእብድ ሐኪም ጋ ሄደች ከተባለ ትምህርት ቤቱ አይመልሳትም። የሚያገባትም አይገኝ።»

«ወሬ እንደሚጎዳ አልክድም። አሁን ትሠራለች?»

«አትሠራም።»

«ከቤት ትወጣለች?»

«አትወጣም።»

«እንግዲያው ስሟን ስንጠብቅ ልጅቷን እያጣናት ነው።»

ዶን አናክሌቶ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አዞሩት። 

«እርስዎንስ ከሳንባ ወደዚህ ምን አመጣዎት?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ያልገባኝ ነገር። በመጀመሪያ የማጠናው ሳንባ ብቻ ነበር። ጽኑ አስም ላለባቸው ሰዎች ጥሩ የሚባለውን መድኃኒት እንሰጣለን፣ አወሳሰዱን እናስተምራለን። አንዱ ይሻለዋል፤ ሌላው በወሩ ታፍኖ ይመለሳል። በሽታው ያው፣ መድኃኒቱ ያው። ባልደረቦቼ ‹ቸልተኞች ናቸው› አሉ። እኔ ቤታቸው ሄጄ ማየት ጀመርኩ። ከእንቅልፍ ሲነሡ ምን ያደርጋሉ? ፖምፓዋ የት ትቀመጣለች? ሲያፍናቸው መጀመሪያ የሚያስቡት ምንድን ነው? ቸልተኛ የምለው ሰው ብዙም አላገኘሁም። ያገኘሁት የፈራ ሰው ነው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው መድኃኒቱን ‹ምን ያደርግልኛል› ብሎ ይተዋል። የፈራ ደግሞ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው፤ አንድ ቀን ሞትን ያየ ደረት ደረጃ ሲወጣ በሚመጣው ትንሽ ድካም ይደነግጣል። ሲደነግጥ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የታመመው ቧንቧ ይባስ ይጠብባል። ከዚያ ‹መፍራቴ ልክ ነበር› ይላል።»

«የፈሩት ይደርሳል» አሉ ሽማግሌው።

«የፈሩት ይደርሳል። ይህን ላጥና ስል የሳንባ ክፍል ባልደረቦቼ ‹የነፍስ አባት ሆነች› ብለው ሳቁብኝ። የአእምሮ ሕክምና ክፍሎቹ ‹ይቺ ስለ ደረት እንጂ ስለ ልብ ምን ታውቃለች› አሉ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ‹ይህ ጥናት የየትኛው ክፍል ነው?› እያሉ ዓመት ከዓመት መለሱኝ። በመጨረሻ ተፈቀደና በሽተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው። ገሚሶቹን የሳንባ ሐኪም ብቻ አየ፤ ገሚሶቹን ሁለት ባለሙያ ባንድነት። በሁለት የታዩት የየዕለቱን መድኃኒት አብዝተው ወሰዱ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍልም ጥቂት ጊዜ ብቻ መጡ። ዳኑ አልልዎትም፤ ጽኑ አስም ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል። ግን መኖር ጀመሩ።»

ጀልባው የደሴቶቹን መጠለያ አልፎ ወደ ክፍቱ ባሕር ሲወጣ ይወዛወዝ ጀመር። በሣጥኑ ውስጥ ካፒታን አለቀሰ።

«አሁን እኔ ልጠይቅዎ» አለች ኔሬይዳ። «ግሎሪማር ሁለት ዓይነት ፖምፓ ሊኖራት ይገባል። ሰማያዊዋ ለጭንቅ ሰዓት ናት። ቡናማዋ ግን ደህና በሆኑበትም ቀን በየዕለቱ የምትወሰድ፣ የቧንቧውን ቁስለት ቀስ በቀስ የምታበርድ ናት። ቡናማዋን ትወስዳለች?»

ዶን አናክሌቶ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። «አትነካትም። ስታያት ትወጣለች ከክፍሉ።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

የቀረውን የኬኔፓ ዘለላ ወደ ከረጢታቸው መለሱ።

«እናቷ ስትሞት በእጇ የያዘቻት እሷን ነበር» አሉ። «ኤርሜሊንዳ… ሚስቴ። ማለዳ ነበር። እኔ ወደብ ነበርኩ። ግሎሪማር ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአልጋዋ ተነሥታ ስትገባ እናቷ ወለሉ ላይ… ቡናማዋ ፖምፓ በጣቶቿ መካከል… ልጅቷ ጣቶቿን ልታላቅቅ…»

ከዚያ በላይ አልሄደላቸውም። ትንፋሻቸው ቸኮለ፤ አንገታቸውን ወደ ላይ አንጋጠው አየር በአፋቸው ይቀልቡ ጀመር። «ደረቴ» አሉ። «ታፈንኩ… ጣቴ ደነዘዘ…»

ኔሬይዳ አጠገባቸው ተጠጋች። የእጃቸውን የደም ሥር ይዛ አዳመጠች፤ ፈጣን እንጂ የተዛባ አልነበረም። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወረወር ሕመም እንዳለ ጠየቀቻቸው፤ የለም አሉ። ጆሮዋን ከጀርባቸው አስጠግታ አዳመጠች፤ ፉጨት የለም። ከዚያ ቱቦውን አቀበለቻቸው።

«ቅድም እንደ ነፉት ይንፉልኝ።»

«አልችልም!»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ለኔ ብለው።»

ነፉት። ቀይዋ ምልክት ቅድም ከቆመችበት ጎን፣ የጣት ጥፍር ያህል ዝቅ ብላ ቆመች። ኔሬይዳ ለዓይናቸው አቀረበችላቸው።

«ይዩ። ቧንቧዎ ክፍት ነው። አሁን ከኔ ጋር ቀስ ብለው ወደ ውጭ ያስወጡ፤ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርዱ።»

አበረዱ። ጥቂት ቆይቶ ጣታቸው ተፍታታ። ላባቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉና ቱቦውን እያገላበጡ አዩት፤ የተበላሸ ዕቃ የቀረበለት መካኒክ ይመስላሉ።

«ዕቃው አልተበላሸም?»

«አልተበላሸም።»

«እንግዲያው እኔ ዋሸሁ?»

«አልዋሹም። መታፈንዎ እውነት ነው፤ ሳንባዎ ደህና መሆኑም እውነት ነው። ልብዎን ደግሞ ይታዩ፤ በዚህ ዕድሜ ሳይመረመሩ ‹ፍርሃት ነው› ማለት የዚያን ወጣት ሐኪም ስህተት መድገም ነው።»

«አብጃለሁ?»

«ሚስትዎን አስታወሱ።»

ዶን አናክሌቶ ረጋ ብለው አሰቡ። ከዚያ ራሳቸው እንደ ተማሪ ነገሩን ወደ ፊት ገፉት። «ያ ሐኪም ለልጄ ይህን ቱቦ ቢሰጣት ኖሮ ምልክቷ ታች ትቀር ነበር።»

«ትቀር ነበር።»

«‹ነርቭ ነው› ሊል አይችልም ነበር።»

«አይችልም። ሌላ ቀን ደግሞ ምልክቷ ላይ ሆና ልጅቷ ከታፈነች፣ የሚያስፈልጋት ሌላ እርዳታ መሆኑን እናውቃለን። በተጠራጠረች ጊዜ ግን ሰማያዊዋን ትንፋ፤ ካልተሻላት ሳትከራከር ወደ ሐኪም። በኛ ክፍል ሁለቱ ባለሙያዎች አብረው የሚቀመጡት ለዚህ ነው፤ አንዱ ‹ወደዚያኛው ሂጂ› ብሎ መሸሽ አይችልም።»

«ኤርሜሊንዳስ?» አሉ በቀስታ። «ያቺ ፖምፓ ነች የገደለቻት?»

«ቡናማዋን በየቀኑ ትወስድ ነበር?»

«ኧረ የለም። ደህና ስትሆን ትጥላታለች፤ ሲያፍናት ትፈልጋታለች።»

«ቡናማዋ በዚያ ሰዓት አትደርስም። የተሠራችው ያ ሰዓት እንዳይመጣ ነው። መድኃኒቱ አልገደላትም፣ ዶን አናክሌቶ። ልዩነቱን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው አልነበረም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄም ይቺ ገዳይ ናት ብላ አሥራ አምስት ዓመት…»  ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ማለቱን ረሱት። «ውሻውንስ ምን ላድርገው፣ ልጄ? ባሕር ልወርውረው?»

«እንዴት ተደርጎ! አስሟን እንደማይወስድ ግን ይወቁ። የውሻ ፀጉርና ምራቅ ለአንዳንድ ሰው እንዲያውም ጠንቅ ነው፤ ረቡዕ እንፈትሻታለን፣ እስከዚያ ወደ መኝታ ቤቷ አይግባ። ክሎሩንም ይተዉ። ሽታው የታመመ ቧንቧ ያስቆጣል፤ እርጥብ ጨርቅና ሳሙና ይበቃል።»

«ክሎሩንም?» አሉ፤ ከሰሙት ሁሉ ይህ ያስደነገጣቸው መሰሉ። «እኔ እኮ ለሷ ብዬ…»

«ለሷ ብለው መሆኑን አውቃለሁ። ውሻውንስ የገዙት ለምንድን ነው? ብቻዋን እንዳትፈራ አይደለም?»

«ነው» አሉ።

«እንግዲያው የፍርሃቷን መድኃኒት መፈለግ ከኔ በፊት የጀመሩት እርስዎ ነዎት። የተሳሳቱት መድኃኒቱን ብቻ ነው።»

ወደብ ላይ ጎረቤታቸው ዶን ሞንቾ በአሮጌ ፒክ አፕ መኪና ይጠብቃቸው ነበር። ሣጥኑን ሲያይ «ይቺን አይጥ በስንት ገዛሃት?» ብሎ ቀለደ። ዶን አናክሌቶ ቀልዱን ትተው ሣጥኑን መኪናው ላይ ጫኑ። ኔሬይዳንም ምሳ ሳትበላ ወደ ጤና ጣቢያ አትሄድም ብለው ያዟት።

ቤቱ ከሩቅ ክሎር ክሎር ይሸታል። ግሎሪማር በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ ትልልቅ ዓይን ያላት ወጣት። ሰማያዊዋ ፖምፓ በእጇ ናት። ስትተነፍስ ትከሻዋ አብሮ ይነሣል፤ ኔሬይዳ ይህን ከበሩ አየች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የያዝከው?»

«ካፒታን ይባላል።»

«አስሜን ሊወስድ ነው?»

«አይወስድም» አሉ ዶን አናክሌቶ ሣጥኑን ከበሩ ውጭ እያስቀመጡ። «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። እሱ እንዲሁ ጓደኛ ነው፤ ሐኪም ከፈቀደ።» ከዚያ ፊት ለፊቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ረቡዕ በመጀመሪያው ጀልባ እንሻገራለን። እዚያ ክሊኒክ።»

ግሎሪማር እንግዳዋን አየች፣ አባቷን አየች። «አንተ አይደለህም እንዴ ‹የእብድ ቤት› ያልከው?»

«ብያለሁ። ዛሬ ጀልባ ላይ ግን እኔው ታፈንኩ፤ ሳንባዬ ደህና ሆኖ። ይቺ ዶክቶራ ምስክሬ ናት።»

«ለምን ታፈንክ?»

«ስለ እናትሽ ሳወራ።»

በዚያ ቤት ከቀብሩ በኋላ የእናትየዋ ነገር አልተነሣም ነበር። ግሎሪማር ፖምፓዋን አጥብቃ ጨበጠች። ኔሬይዳ ከወንበሯ ልትነሣ ብላ ተወችው፤ ልጅቷ አልታፈነችም፣ እያለቀሰች ነው።

«ቡናማዋን ይዛ ነበር» አለች ግሎሪማር። «እኔ ነኝ ያየሁት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሳትጠይቂኝ ላወራሽ ይገባኝ ነበር። ቡናማዋ አልገደለቻትም። በየቀኑ መወሰድ እንዳለባት ማንም አልነገራትም፤ ለኔም እስከ ዛሬ።»

ልጅቷ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። «እንግዲህ አብደናል ማለት ነው?»

«ካበድንም ሁለታችንም ነን» አሉ ዶን አናክሌቶ። «ትኬት የምቆርጠውም ሁለት ነው።»

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ተሻገሩ ብሎ መጻፍ ደስ ባለ፤ እውነቱ ግን በዚያ ረቡዕ ጀልባው በብልሽት ቀረ፣ ግሎሪማርም «ምልክት ነው፣ ይቅርብኝ» አለች። አባትየው ወደቡ ላይ ቆመው በመካኒክነታቸው የጀልባውን ሠራተኞች ሲዘልፉ ዋሉ፤ የሚቀጥለውን ረቡዕ ወሰዷት። ኔሬይዳና የሥነ ልቦና ባለሙያው አብረው ተቀበሏት። በቆዳዋ ላይ በተደረገው ምርመራ ጠንቋ የቤት ብናኝ እንጂ ውሻ እንዳልሆነ ታወቀ፤ ካፒታንም በሳሎኑ እንዲኖር፣ መኝታ ቤት እንዳይገባ ተፈረደለት። ቡናማዋን ፖምፓ መጀመሪያ በጠረጴዛ ላይ ማየት፣ ቀጥሎ መያዝ፣ ከዚያ መንፋት ተማረች። ይህ ብቻውን ሳምንታት ፈጀ፤ በሳንባ ክሊኒክ ብቻ ቢሆን «ቸልተኛ» ተብላ የምትባረርበት ጊዜ ነው።

በተከታዩ ሐምሌ አቧራው እንደ ገና መጣ። ግሎሪማር አንድ ጊዜ ጸንቶባት ሆስፒታል ተኛች፤ ነገር ግን ቱቦዋን ነፍታ ምልክቷ ስትወርድ አይታ፣ ከንፈሯ ሳይጠቁር፣ በእግሯ ሄዳ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ወደ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት በግማሽ ቀን ተመለሰች። ትተኛለች። ደረጃ ትወርዳለች። ስትስቅም ትንፋሿን አትቆጥብም። ዶን አናክሌቶም ልባቸውን ታዩ፤ ደህና ነው ተባሉ፤ ስለ ሚስታቸውም ሳይታፈኑ ማውራት ለመዱ። ቤቱ በሳሙና ይታጠባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ፍርሃትን እንደ ነውር መደበቅም ያው በሽታን መደበቅ ነው። በአንድ ደረት የሚኖሩትን ሁለት ሕመሞች አንዱን አክሞ ሌላውን የሚንቅ፣ ሐኪምም ይሁን አባት፣ የጠገነው ጀልባ መልሶ ባሕር ላይ ይቆምበታል።

የደሴቲቱ ሰው ግን የራሱን ታሪክ ሠራ፤ የአናክሌቶ ውሻ የልጅቷን አስም ወሰደ ተባለ። አንድ ጠዋት ዶን ሞንቾ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አናክሌቶ፣ ሚስቴ ትንፋሽ አጥሯታል። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። ያንን ውሻ ለአንድ ሳምንት አውሰኝ።»

«ባለፈው ዓመት አይጥ ነበር።»

«ይቅር በለኝ። አሁን ከሐኪም በልጧል።»

ካፒታን ወፍሮ፣ ከደረጃው ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ዶን አናክሌቶ አዩት። «ተመልከተው እስኪ፤ አስም ያለበት ይመስላል? እንደ አሳማ ነው የሚያንኮራፋው። ይህ ውሻ ከማንም ምንም አልወሰደም።»

«እባክህ፣ ለሷ ተስፋ ነው። ደግሞ ፈርታለች።»

«መፍራቷን ከነገርከኝ ግማሹን ነገርከኝ» አሉ ዶን አናክሌቶ። ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ አውስሃለሁ» አሉ። «ግን እዚህ አላስረክብህም። ረቡዕ ለመጀመሪያው ጀልባ ሚስትህን ይዘህ ወደቡ ና። ውሻውን በሣጥኑ አድርጌ እዚያ እጠብቃችኋለሁ፤ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስም አብረን እንሄዳለን።»

«ጀልባው ከዘገየስ?»

«ይዘገያል እንጂ» አሉ ዶን አናክሌቶ። «እስኪመጣ አጠገቧ እንቀመጣለን።»